በህዳር ሚካኤል የተቀዳ ኦቦ

ቦሌ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
ህዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ ለመሪጌታ አምደሚካኤል፤

እንደምን ሰነበቱልኝ አባባ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ነው? እሷን በስልክ ስጠይቃት ሁሌም «ተሽሎኛል» ስለምትለኝ እውነቱን ከእርስዎ መስማት እፈልጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሃያ ሁለት ሰፈር ያሉት የሙዚቃ ተማሪዎቼም ደህና ናቸው፤ ጆሮዬን ከማደንቆር በቀር ያጠፉት ነገር የለም። መልሱን ስላዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ስልክ ስለማይወዱ እንደ ድሮው ቁጭ ብዬ ልጽፍልዎ ፈልጌ፣ ቁጭ የምልበት ቀን አጥቼ ነው።

አዎ፣ የሙዚቃ ዝግጅቱ ተካሂዷል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻም ተቀርጿል። ግን አስቀድሜ የሠራሁትን ጉድ ልንገርዎና ይሳቁብኝ። የአውሮፕላን ድምፅ ከሰዓት በኋላ ስለሚበዛ ጠዋት ይሁንልን ብለን ለመንን። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለውን አዳራሽ የፈቀዱልን ሰዎችም ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈው ላኩልኝ፤ ኖቬምበር ሃያ አንድ፣ ዓርብ፣ ጠዋት አራት ሰዓት። እኔም «ይመቸኛል» ብዬ መለስኩ። የመሪጌታ ልጅ፣ ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የሆነች፣ ቀኑ ህዳር አሥራ ሁለት መሆኑን ሳትቆጥር! በዕለቱ ኦቦዬን በትከሻዬ አንግቼ ከግቢ ስወጣ መንገዱ በነጭ ነጠላ ተሞልቶ አየሁና ክው ብዬ ቀረሁ። ፒያኖ የሚጫወትልኝ ሙክታር ታክሲ አጥቶ ከሩዋንዳ ሰፈር ጀምሮ በእግሩ መጣ። «ክርስቲያኗ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ? እኔ እንኳ ነገ ሚካኤል ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር» ብሎ ሳቀብኝ።

የቀረጸን ተስፉ የሚባል ልጅ ነው። መስኮቱን በፍራሽ ደፈነው፤ ምንም አልጠቀመም። ሁለተኛውን፣ ቀርፋፋውን ክፍል ገና ስጀምር ታቦቱ ወጣ። እልልታው፣ ከበሮው፣ የድምፅ ማጉያው በአንድ ላይ ገቡብኝ። ማቆም አማረኝ፤ ግን ሰው ተቀምጧል፣ ሙክታርም ዓይኑን ከኖታው ላይ አላነሣም። እንደምንም ብዬ ጨረስኩት። ሰዉ አጨበጨበ፤ አንዲት ሴትዮ እንደውም ማኅሌቱ የዝግጅቱ ክፍል መስሏቸው «እንዴት አቀናጃችሁት?» ብለው ጠየቁኝ።

ኦቦ ምን ዓይነት ነገር ነው ላሉኝ፦ ዋሽንት አይደለም። ከጥቁር እንጨት የተሠራ ቀጭን መሣሪያ ነው፤ አፉ ላይ ሁለት ስስ የሸምበቆ ልጣጮች ተጣብቀው ታስረዋል። ቀዳዳቸው በጣም ጠባብ ስለሆነ እንደ ሌላው መሣሪያ ትንፋሽ አያልቅብዎትም፤ እንዲያውም ይተርፍዎታል። ጥበቡ የተረፈውን አስወጥቶ አዲስ መሳብ ላይ ነው። እዚህ ከተማ ደግሞ «ኦቦ እነፋለሁ» ባልኩ ቁጥር «ኦቦ ማን?» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ «አቶ» ማለት ስለሆነ ሰው የምነፋ ይመስላቸዋል።

አባባ፣ ይህን መሣሪያ ከያዝኩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እርስዎ አንድም ቀን ሰምተውኝ አያውቁም። ከልክለውኝም አያውቁም፤ ግን እስከ ባለፈው ደብዳቤዎ ድረስ ስለሱ አንሥተውልኝም አያውቁም። ስለዚህ ቅጂውን ሚሞሪ ላይ አድርጌ ወደ እናንተ በሚመላለሰው ሹፌር በአብዱራሕማን መኪና ልኬልዎታለሁ፤ ባለፈው የላክሁላችሁ ራዲዮ ይቀበለዋል። ይህ ገና ያልጸዳው ነው፤ ተስፉ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ በኮምፒውተር አጥፍቶ ንጹሑን በኋላ ያወጣዋል። ይስሙትና አንድ ቃል ብቻ ይጻፉልኝ። «አይረባም» ቢሉኝም ቃል ነው።

እጅዎን እስማለሁ።
ልጅዎ አርያም


ላስታ
ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአርያም አምደሚካኤል፤

ከተለያየንበት ጊዜ ጀምሮ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይድረሰውና በሕይወት አለን። ለጠየቅሽኝ ለእናትሽ ጉልበት፦ አልተሻላትም፤ ግን ቤተ ክርስቲያን መሄድ አላቆመችም፤ ለገበያም ሲሆን ከእኔ ትቀድማለች። ስንዴው ታጭዷል፣ ገና አልተወቃም። አብዱራሕማን አደራውን በእጄ አስረክቦኛል፤ ጨዋ ሰው ነው፤ ያቀረብንለትን ቁርስ በልቶ፣ መርቆን ሄደ። ጎረቤታችን መጥታ ሚሞሪውን ራዲዮው ውስጥ አስገባችልኝ።

ህዳር ሚካኤልን ስለ መርሳትሽ፦ አልሳቅሁም። ፈገግ ማለቴን ግን አልክድም።

አሁን የምለምንሽ ጉዳይ አለኝ። ያ ተስፉ ያልሽው ባለሙያ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ እንዳያጠፋ። በአደራ። አጥፍቶትም ከሆነ የቀድሞው ቅጂ እንዲቀመጥ አድርጊ።

ሁለተኛው፣ አንቺ ያን ቀርፋፋውን ስትነፊ ውጭ ዜማውን የሚመራው ማን ነበር? ከየት አገር የመጣ ነው? ዕድሜው ስንት ይሆናል? የተማረው ከየትኛው መምህር ዘንድ ነው? ደብሩ ቅርብሽ ስለሆነ ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ይህን ነገር በስልክ አታንሺ፤ ስልኩን የምታነሣው እናትሽ ናት።

ብርዱ ጸንቷልና ደረትሽን ሸፍኚ።

አባትሽ አምደሚካኤል


ቦሌ ሚካኤል
ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ይድረስዎ፤ ለእማዬም ጭምር።

ደብዳቤዎን አንብቤ ስጨርስ ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። ምናልባት ስለ እኔ የጻፉት እዚያ ይሆናል ብዬ ነው። ጀርባው ባዶ ነው።

ሃምሳ ደቂቃ ነፋሁ አባባ። ለሱ ስል ለወራት እሑድን አላውቅም ነበር። ሸምበቆውን ራሴ እየላግኩ ጣቴ ቆሳስሏል። እርስዎ የሰሙት ግን በመስኮት የገባውን ብቻ ነው። የዜማ ሰው ስለሆኑ ጆሮዎ ወደዚያ እንደሚሄድ ይገባኛል፤ አልፈርድብዎትም። ግን ደግሞ ቅር ብሎኛል፤ ቅር አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ሙክታር «አባትሽ ምን አሉ?» ሲለኝ «በጣም ወደዱት» አልኩት። ደስ አለውና ለጓደኞቹ ሁሉ ነገራቸው፤ አሁን ውሸቴን ተሸክሜ እዞራለሁ።

ተስፉ ሥራውን ጀምሮ ግማሹን አጽድቶት ነበር። አስቆምኩት። «ይህን ሁሉ ቀን ደክሜበት!» ብሎ ተነጫነጨብኝ፤ ቢሆንም የመጀመሪያው ቅጂ እንዳለ ተቀምጧል፣ አይስጉ።

ስለ መሪው ግን አልጠየቅሁም፤ በመጀመሪያ ለምን እንደሚፈልጉት ይንገሩኝ። ዜማው ስህተት አለበት? ደብዳቤ ጽፈው ሊያርሙት ነው? እርስዎ እንደሆነ የሰው ስህተት ሰምተው ማለፍ አይሆንልዎትም። ደግሞ ይህ ከእማዬ የሚደበቅ ምን ነገር አለው?

ተቆጥቻለሁ። ተቆጥቼም እጅዎን እስማለሁ።

አርያም


ላስታ
ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአርያም፤

እንደምን ነሽ? ቁጣሽ ደርሶኛል፤ የሚገባ ቁጣ ነው። በድዬሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ። የዘጋሁሽ ሥራሽን ንቄ አይደለም። አንድ ነገር ሰምቼ ሌላውን ሁሉ መስማት አቅቶኝ ነው። ከንቱ ተስፋ እንዳልሰጥሽም ፈርቼ ዝም አልኩ። አሁን ግን ልንገርሽ።

ወንድምሽ በረከት ልጅ ሳለ ደረቱ ደካማ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ያችን የሚካኤልን ዜማ ሳስተምረው በአንድ ትንፋሽ መዝለቅ አቃተው። የመጨረሻው ቃል ላይ ሳይደርስ ይቆርጣታል፤ ትንፋሽ ይሰርቃል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይዘጋታል። ይህ ስህተት ነው። መጽሐፉ ላይ የለም፤ መምህሬም እንዲህ አላሉም። በቃል አረምኩት፤ በአለንጋም አረምኩት። አልቃና አለ። ካደገ በኋላ ደረቱ ቢጠናም ልማዱ አልለቀቀውም፤ እኔም ተውኩት። በሽምግልናዬ ስንቱን ተማሪ ሰማሁ፤ በየደብሩ ቆምኩ። ዜማዋን በዚያች ቦታ የሚቆርጣት ከእሱ በቀር አላጋጠመኝም።

አንቺ ቀርፋፋውን ስትነፊ በመስኮትሽ የገባው ሰው በዚያችው ቦታ ቆረጣት። ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ዜማዋ ስትመለስ እንደገና ቆረጣት።

በጦርነቱ መንገዱ ከተዘጋበት፣ ሰዉም ከተበተነበት ዓመት ወዲህ የበረከትን ወሬ የሰማ የለም። አራት ዓመት አለፈ። እኔ በልቤ ያሰብኩትን አንቺ ታውቂዋለሽ። እናትሽ ግን በቤታችን ተዝካር የሚባል ቃል አታስነሣም፤ «ማን መርዶ አመጣልኝ?» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ማንም አላመጣም። ስለዚህ አናለቅስለትም፤ አብረነውም አንኖርም።

ድምፁ የእሱ ነው አልልሽም፤ አይደለምም አልልሽም። ራዲዮዋ ትንሽ ናት፤ የእኔም ጆሮ አርጅቷል። ሄደሽ እይልኝ። በሕይወት ካለ፣ ለምን ዝም እንዳለን አትጠይቂው፤ አባትህ ይፈልግሃል በዪው፣ ይበቃል።

ደግሞ ስለ መሣሪያሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሸምበቆውን ራሴ እልጋለሁ ብለሻል፤ ከየት ታገኚዋለሽ? የእኛ አገር ሸምበቆ አይሆንም? ከወንዙ ዳር ሞልቷል።

አባትሽ አምደሚካኤል


ቦሌ ሚካኤል
ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንኳን ለልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። በዓሉን ከእናንተ ጋር ባለመዋሌ ከፋኝ። እዚህ ሙክታር መጥቶ ዋለልኝ፤ ዶሮዬን ባይበላልኝም የጋገርኩትን ድፎ ብቻውን ጨረሰው። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ያን የቁጣ ደብዳቤ በመጻፌ አፍሬያለሁ። እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።

ቀረጻውን እንደገና አዳመጥኩት። ያሉት ቦታ ላይ ቆረጣት። ያኔ ስነፋ ለእኔ ጫጫታ ብቻ ነበር፤ በኋላም ስሰማው የራሴን ስህተት ነበር የምፈልገው። በአንድ ቤት አብሬው ያደግሁት እኔ፣ በየማለዳው ዜማውን እየሰማሁ የምነቃ እኔ፣ አላወቅሁትም።

የጠየቁኝን ሰው አግኝቼዋለሁ። በረከት አይደለም አባባ። ዲያቆን ገብረየስ ይባላል፤ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ሥራው ቦሌ ለሚ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ነው፤ በበዓል ቀን እያስፈቀደ ያገለግላል። ድምፁ ያምራል፤ ሲናገር ግን ዓይን አፋር ነው፤ ሻይ ጋብዤው ስኳር እንኳ ጨምሩልኝ ለማለት አፈረ። ከማን እንደተማረ ጠየቅሁት። ነገረኝ። ብዙ አወራን። ሻያችን ቀዝቅዞ አስተናጋጇ ሁለት ጊዜ ቀየረችልን። የነገረኝን ስመጣ አጫውትዎታለሁ፤ አሁን እጄ ደከመኝ።

ስለ ሸምበቆው፦ እኔ የምሠራበት ከውጭ የሚመጣ ነው። የእኛን አንድ ጊዜ ሞክሬው ነበር፤ ሲደርቅ ተበላሽቶ ይሁን የአቆራረጥ ስህተት እንጃ፣ ሲነፋ የታፈነች ዶሮ ይመስላል። ከወንዙ ዳር ያለውን ግን አልሞከርኩም። ጠንከር ያለ፣ ዓመት የሞላው ቢሆን ይሻላል። ትንሽ ቆርጠው ጥላ ሥር ቢያደርቁልኝ ደስ ይለኛል፤ ፀሐይ እንዳያገኘው። ተስፉ ደግሞ ቅጂውን ሳያጸዳ፣ እንዳለ ሊያወጣው ተስማምቷል። አዳራሹን የፈቀዱልን ሰዎች መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፤ አሁን እሺ ብለዋል።

አባባ፣ ከጥምቀት በኋላ ልመጣ አስቤያለሁ። ከሥራ አስፈቅጃለሁ። ገብረየስም አብሮኝ ይመጣል፤ ላስታን አይቶ አያውቅምና ላሳየው ብዬ ነው። አጎቴ አያሌውም ከኮምቦልቻ ይቀላቀለናል፤ ለራሱ ጉዳይ ወደዚያ መምጣት ነበረበት። ስንደርስ ስለሚመሽብን እናንተን ከምንቀሰቅስ ንስሐ አባታችን ቤት እናድራለን። ማለዳ እንመጣለን። ለእማዬ እስከዚያው አይንገሯት፤ ድንገት ላስደስታት ፈልጌ ነው።

ጤናዎን ይጠብቁልኝ። በደንብ ይብሉ። ብርድ ላይ አይቁሙ።

እጅዎንም ጉልበትዎንም እስማለሁ።
ልጅዎ አርያም


ላስታ
ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአርያም፤

ደብዳቤሽ በደህና ደርሶኛል። እንኳን አብሮ ለጥምቀቱ አደረሰን። እኛ ዘንድ በዓሉ በሰላም ዋለ፤ እናትሽም በዚያ ጉልበቷ ታቦቱን እስከ ወንዙ ተከትላ ወረደች።

ልጄ፣ ያገሩን ወግ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። አጎትሽ ለምን ከኮምቦልቻ እንደሚነሣ፣ ንስሐ አባት ቤት ለምን እንደሚታደር፣ ለምን በማለዳ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ከሽማግሌዎች ጋር ሆኜ ስንቱን ደጃፍ እንደዚሁ በጎህ አንኳኩቻለሁ። መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም፤ አንቺም አልጻፍሽም። ደግ አደረግሽ። ያሳደግሁሽ ለዚህ ነው።

ልጄ በረከት ሞቷል። ይህን በእጄ ስጽፍ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

አልቅሻለሁ፤ አትጨነቂልኝ። እናትሽ ገበያ በወረደችበት ቀን ሸምበቆሽን ልቁረጥ ብዬ ወንዙ ዳር ሄድኩ። እዚያ ማንም አይሰማኝም። የሚበቃኝን ያህል አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ሸምበቆውን ይዤ ተመለስኩ። ጎተራው ሥር በጥላ አስቀምጬልሻለሁ።

እንዴት እንደሞተና የት እንዳረፈ ያ ልጅ ያውቅ ይሆናል፤ ሲመጣ ይነግረናል። አሁን የማውቀው አንድ ነገር አለ። ልጄ በዚያ ክፉ ጊዜ፣ የትም ይሁን የት፣ ተቀምጦ ሰው አስተምሯል። ተማሪውም እሱ እንደነገረው አድርጎ ይዞታል። ለገብረየስ ንገሪው፤ ያችን ቦታ ተሳስተሃል ብሎ ማንም እንዳያርመው። እኔም አላርመውም።

አሁን ወደ ለመንሽኝ ቃል ልምጣ። ከደብዳቤሽ በኋላ ቀረጻውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ በዚህ ጊዜ አንቺን ለመስማት ነው የተቀመጥኩት። ስለዚያ መሣሪያ አላውቅም፤ ስለሚነፋው ሰው ግን ትንሽ አውቃለሁ። ያ ሁሉ ጩኸት ሲገባብሽ አልቸኮልሽም፤ ልብለጠው ብለሽም ድምፅሽን አላነሣሽም። ሳታውቂው ለወንድምሽ መንገድ ለቀሽለት፣ እሱ ሲያልፍ ጠብቀሽ የራስሽን ቀጠልሽ። እንዲህ ማድረግ ስንት ዓመት ያስተማርኳቸውም አይችሉም። መልካም ትነፊያለሽ። ቀደም ብዬ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ ልጄ መሆንሽን እያየሁ መስማቱን ረሳሁት። ለሙክታርም የነገርሽው ውሸት አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ አንብቢለት።

ስትመጡ መሣሪያሽን ይዘሽ ነዪ። ለልቅሶው ቀን አይደለም፤ ከተዝካሩ በኋላ፣ ሰዉ ሲበተን፣ ለእኔና ለእናትሽ ትነፊልናለሽ።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እንደማንኛውም አባት አብሬ እጮኻለሁ። አስቀድሜ ማወቄን አንቺና እኔ ብቻ እንወቀው። እናትሽ እርሟን ስታወጣ እኔም ያን ጊዜ የሰማሁ ይምሰላት፤ ከእሷ ቀድሜ ማዘኔን ብታውቅ ብቻዋን የቀረች ይመስላታል።

ሰሞኑን ራዲዮውን ታቅፌ ስውል አይታኝ «ምን አግኝተህ ነው?» ትለኛለች። «የአርያምን ኦቦ» እላታለሁ። እሷም አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማለች። ያ ድምፅ በመስኮት ሲገባ ቀና ብላ «ደስ የሚል ዜማ ነው፤ የማን ነው?» አለችኝ። «የሆነ ዲያቆን ነው» ብዬ ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች። እንዲህ እያልኩ ብዙ ቀን መቆየት አልችልም፤ ቶሎ ነዪ።

አባትሽ አምደሚካኤል